ፈ∘ገ እና ገ∘ፈ ለምን ይለያያሉ?

ጥያቄው፦ «ደሴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ፈንክሽን ተሰጠን። ኤፍ የተሰጠውን ቁጥር በ2 አባዝቶ 3 ይደምርበታል፤ ጂ ስኩዌር ያደርገዋል። ኤፍ ኦፍ ጂን አግኙ ስንባል፣ ቀድሞ የተጻፈው ኤፍ ስለሆነ በኤፍ ጀምሬ 4 ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 12 ኤክስ ሲደመር 9 ብዬ መለስኩ። ተሳስተሻል ተባልኩ። 3 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 3 አንድ ከሆነ ይሄ ለምን ይለያያል? ጓደኛዬ ደግሞ በሎግና በስኩዌር ሞክራ፣ 100ን ስታስገባ በሁለቱም በኩል እኩል መጣላት። እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ካለ በምን ይታወቃል? ኤፍ ላይ 2 ከላይ ሲጻፍበትስ ኮምፖዚሽን ነው ወይስ ስኩዌር?»

አብሽሪ እኅቴ፤ ማባዛቱንም መደመሩንም አልሳትሽም። ያገኘሽው ውጤት ለጂ ኦፍ ኤፍ ልክ ነው። የተጠየቅሽው ግን ኤፍ ኦፍ ጂ ነበር፤ የእሱ መልስ 2 ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 3 ነው። ቅደም ተከተል በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ሁለት ፈንክሽኖች ቦታ ተለዋውጠውም ያው ውጤት ከመጣ፣ ያ በምክንያት የሚሆን ልዩ ነገር ነው፤ ደንቡ መለያየታቸው ነው።

ለመጻፍ እንዲመች ከዚህ በኋላ ኤፍን ፈ፣ ጂን ገ፣ ኤክስን ሀ እላለሁ። ስለዚህ ፈ(ሀ) = 2ሀ + 3፣ ገ(ሀ) = ሀ²።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚሁ ላይ ነውና። አማርኛ ድርጊትን የሚያወራው በተፈጸመበት ተራ ነው። «ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ቀዳች» ስንል ቀድሞ የሆነው ቀድሞ ይነገራል፣ የመጨረሻው ድርጊት መጨረሻ ይመጣል። የሒሳቡ አጻጻፍ ተቃራኒውን ይሄዳል። ይህንኑ ቡና በፈንክሽን ብንጽፈው «ቀዳች(አፈላች(ወቀጠች(ቆላች(ቡና))))» ይሆናል። ለቡናው የቀረበው መቁላት መጀመሪያ ይሠራል፤ በግራ በኩል ዐይን የሚስበው መቅዳት ግን የመጨረሻው ነው። አንቺ ጽሑፉን እንደ አማርኛ ዐረፍተ ነገር ከግራ ጀመርሽና ሳይቆላ ቀዳሽው።

ስለዚህ (ፈ∘ገ)(ሀ) ማለት ፈ(ገ(ሀ)) ማለት ነው፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው እንዲህ ማቀበል ኮምፖዚሽን ይባላል። መሐል ያለችውን ትንሿን ክብ «ከ... በኋላ» ብለሽ አንብቢያት፤ ፈ∘ገ «ፈ፣ ከገ በኋላ» ይሆናል። እንዲህ ካነበብሽው ገ እንደሚቀድም ንባቡ ራሱ ይነግርሻል። በአንዳንድ የከፍተኛ አልጀብራ መጻሕፍት ፈንክሽኑ ከግብዓቱ በስተቀኝ ስለሚጻፍ ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍና ፈተና ግን በዚያ አይሠሩም።

በቁጥር እንየው። ሀ 5 ይሁን። ፈ∘ገ ሲሆን በቅድሚያ ገ ይሠራል፦ 5² = 25። ቀጥሎ ፈ፦ 2 × 25 + 3 = 53። ገ∘ፈ ሲሆን ፈ ይቀድማል፦ 2 × 5 + 3 = 13፤ ከዚያ 13² = 169። 53 እና 169 አንድ አይደሉም። በዚህች አንድ ቁጥር ብቻ ነገሩ አልቋል፦ ሁለት ፈንክሽኖች እኩል አይደሉም ለማለት የሚለያዩበት አንድ ግብዓት ይበቃል።

በፊደል ስትሠሪ ከስህተት የሚጠብቅሽ ባዶ ቅንፍ ነው። ውጪ ያለውን ፈንክሽን ሀን አውጥተሽ በምትኩ ባዶ ቅንፍ አድርገሽ ጻፊው፦ ፈ( ) = 2( ) + 3። ከዚያ ውስጥ ያለውን ሙሉውን፣ ምንም ሳትቆራርጪ፣ ቅንፉ ውስጥ አስገቢው፦ 2(ሀ²) + 3 = 2ሀ² + 3። ለሌላኛውም እንዲሁ፦ ገ( ) = ( )²፤ ስለዚህ (2ሀ + 3)² = 4ሀ² + 12ሀ + 9። ቅንፉን የሚዘል ተማሪ እዚህ ላይ 2ሀ² + 3 ወይም 4ሀ² + 9 ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሀን ብቻ ስኩዌር ማድረግ ነው፣ 2 እና 3 ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ሁለተኛው 12ሀን ይጥላል። ውጤትሽን ሁልጊዜ በሀ = 1 ፈትሺ፦ (2 + 3)² = 25፣ 4 + 12 + 9 = 25፤ 4 + 9 ግን 13 ነው። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፣ የብዙ ተማሪን ማርክ ግን ያድናል።

አሁን ወደ ማባዛቱ። 3 ጊዜ 5 ከ5 ጊዜ 3 ጋር እኩል የሆነው ምክንያት ስላለው ነው፦ በ3 ረድፍ 5፣ 5 የተደረደረ ዕቃ ከጎኑ ዞረሽ ብታዪው 5 ረድፍ ባለ 3 ነው፤ ዕቃው አልጨመረም አልቀነሰም። ኮምፖዚሽን ግን የሁለት ብዛቶች ጉዳይ አይደለም፤ የሁለት ሥራዎች ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሥራ የሚያርፈው በመነሻው ግብዓት ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ሥራ በለወጠው ነገር ላይ ነው። ፈ ሲቀድም የደመራት 3 በኋላ ስኩዌር ትሆናለች፣ ከ2ሀ ጋርም ትባዛለች፤ 9 እና 12ሀ የመጡት ከዚያ ነው። ፈ ሲከተል ግን 3 ማንም ሳይነካት እስከ መጨረሻው 3 ሆና ትቀራለች።

አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ውጤቱ መለየት ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስቢው። ፈተላ ጥጥ ተቀብሎ ክር ያወጣል፤ ሽመና ክር ተቀብሎ ጨርቅ ያወጣል። «ሽመና ከፈተላ በኋላ» ትርጉም አለው፦ ጥጥ ይገባል፣ ጨርቅ ይወጣል። «ፈተላ ከሽመና በኋላ» ግን የለም፤ ሽመናው የሚያወጣው ጨርቅ ነው፣ የፈተላ ማሽን ደግሞ ጨርቅ አይቀበልም። በሒሳብ ቋንቋ፦ የውስጠኛው ፈንክሽን ሬንጅ (የሚያወጣቸው ነገሮች) ከውጪኛው ዶሜይን (ከሚቀበላቸው ነገሮች) ጋር የሚጋራው ነገር ከሌለ ኮምፖዚሽኑ ባዶ ነው፤ በከፊል ከተጋሩ ደግሞ የሚሠራው በተጋሩበት ልክ ብቻ ነው።

ፈተና ላይ የሚመጣው ይህ በከፊል የመጋራት ነገር ነው። ስኩዌር ሩትን √ እና «5 ቀንስ»ን ውሰጂ። ቀንሶ ሩት መውሰድ √(ሀ − 5) ይሰጣል፤ ሀ ቢያንስ 5 መሆን አለበት። ሩት ወስዶ መቀነስ √ሀ − 5 ይሰጣል፤ እዚህ ሀ ቢያንስ 0 ከሆነ ይበቃል። ቀመሩም ዶሜይኑም ተለየ። ከዚህ የሚረቅቀው √ እና ስኩዌር ራሳቸው ናቸው። (√ሀ)² ከኔጌቲቭ ቁጥር ጋር አይሠራም፣ በቀረው ግን ሀን ራሱን ይመልሳል። √(ሀ²) ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል፣ የሚመልሰው ግን የሀን አብሶሉት ቫልዩ ነው፦ −7 ብታስገቢ 49 ይሆንና 7 ይወጣል። ብዙ ሰው «ሩትና ስኩዌር ይጣፋሉ» ብሎ ሁለቱንም ሀ ብሎ ያልፋል፤ ዶሜይኑ ከመጻፉ በፊት ማጣፋት ስህተት ነው። ዶሜይን የሚወሰነው ቀመሩ ከመቃለሉ በፊት ባለው መልኩ ነው።

የጓደኛሽ ሙከራ ልክ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ሁልጊዜ እኩል ናቸው ማለት ግን አይያዝም። የአንድ ቁጥር ሎግ ማለት 10 ያንን ቁጥር እንዲሰጥ የሚነሳበት ፓወር ነው። በ10 መሠረት ሎግ(100²) = ሎግ 10,000 = 4፤ (ሎግ 100)² = 2² = 4። እኩል ናቸው። ግን 10ን ትሞክር፦ ሎግ 100 = 2፣ (ሎግ 10)² = 1። 1,000ን ትሞክር፦ 6 እና 9። ለምን 100 ላይ ተገናኙ? የሀን ሎግ «ነ» ብንለው፣ ሀ ከዜሮ በላይ ሲሆን አንዱ 2ነ ነው፣ ሌላው ነ²። 2ነ = ነ² የሚሆነው ነ 0 ወይም 2 ሲሆን ብቻ ነው፤ ማለትም ሀ 1 ወይም 100 ሲሆን። ጓደኛሽ ካሉት ሁለት ነጥቦች አንዷን አገኘች። በአንቺ ጥያቄም ያው አለ፦ 2ሀ² + 3 = 4ሀ² + 12ሀ + 9 ሲቃለል ሀ² + 6ሀ + 3 = 0 ይሆናል፤ መልሱ −3 + √6 እና −3 − √6፣ ማለትም −0.55 እና −5.45 አካባቢ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ፈ∘ገ እና ገ∘ፈ አንድ ይሆናሉ፣ በሌላ በየትም አይሆኑም። ፈንክሽኖች እኩል ናቸው የሚባለው ዶሜይናቸው አንድ ሆኖ በእያንዳንዱ ግብዓት ሲገጥሙ ነው። ስለዚህ ቁጥር መሞከር መለያየትን ያረጋግጣል፤ እኩልነትን ለማረጋገጥ ግን አልጀብራው ግድ ነው።

እኩል የሚሆኑበትን ጊዜ ለማየት ገንዘብ ጥሩ ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ 4,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ አለ እንበል፤ 10 በመቶ ቅናሽ አለው፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ይታሰብበታል። ቅናሹ ቢቀድም 3,600 ይሆንና ታክሱ ሲጨመር 4,140 ብር ይደርሳል። ታክሱ ቢቀድም 4,600 ይሆንና 10 በመቶው ሲቀነስ 4,140 ብር። አንድ ነው፤ ሁለቱም ማባዛት ብቻ ናቸውና፦ በ0.9 እና በ1.15። አሁን ቅናሹ በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ 200 ብር ይሁን። ቅናሽ ቀድሞ ታክስ ሲከተል 3,800 × 1.15 = 4,370 ብር። ታክስ ቀድሞ ቅናሽ ሲከተል 4,600 − 200 = 4,400 ብር። 30 ብር ተለየ። 30 ብሩ የ200 ብር 15 በመቶ ነው፦ ቅናሹ ሲቀድም ታክሱም አብሮ ይቀንስለታል፣ ሲዘገይ አይቀንስለትም። የዕቃው ዋጋ 4,000 ሆነ 40,000 ልዩነቱ ያው 30 ብር ነው።

ከዚህ አንድ ጠቅላላ ነገር ይወጣል፤ ለቀጥታ መስመር ፈንክሽኖች ሁሉ ይሠራል። ፈ(ሀ) = መ·ሀ + ነ እና ገ(ሀ) = ረ·ሀ + ሰ ይሁኑ። ባዶ ቅንፉን ተጠቅመሽ ሥሪው፦

ፈ∘ገ = መ·ረ·ሀ + መ·ሰ + ነ
ገ∘ፈ = መ·ረ·ሀ + ረ·ነ + ሰ

የሀ አባዢ በሁለቱም አንድ ነው፤ ስሎፑ (የመስመሩ ዝንባሌ) በቅደም ተከተል አይለወጥም። የሚለያየው ብቻውን የቆመው ቁጥር ነው። ሁለቱን እኩል አድርገሽ ብታቃልዪው ሰ(መ − 1) = ነ(ረ − 1) ይሆናል። ይህ ከሞላ ይገጥማሉ፣ ማለትም በሁለቱም ተራ ያው ውጤት ይወጣል፤ ካልሞላ አይገጥሙም። የ200 ብሩን ቅናሽ ክተቺበት፦ መ = 1፣ ነ = −200፣ ረ = 1.15፣ ሰ = 0። በግራ 0፣ በቀኝ −30። 30 ብሯ ራሷ ናት።

ቀመሩን ከመሸምደድ ትርጉሙን መያዝ ይሻላል። አንድ ፈንክሽን ሳይለውጠው የሚመልሰውን ቁጥር ቋሚ ነጥብ እንበለው፦ ፈ(ሀ) = ሀ። ለ2ሀ + 3 ቋሚ ነጥቡ −3 ነው፤ 2 × (−3) + 3 = −3። ከላይ ያለው ቀመር መ እና ረ ከ1 ሲለዩ የሚናገረው ይህን ነው፦ ሁለት የቀጥታ መስመር ፈንክሽኖች የሚገጥሙት ቋሚ ነጥባቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ 5ሀ + 12 ቋሚ ነጥቡ −3 ነው። ከ2ሀ + 3 ጋር በሁለቱም ተራ ብታጣምሪው 10ሀ + 27 ይወጣል፤ ሠርተሽ እዪው። ሁለቱም ቁጥሮችን ከዚያችው −3 እያራቁ ይለጥጣሉ፣ አንዱ 2 እጥፍ፣ ሌላው 5 እጥፍ፤ መለጠጫው ምሰሶ አንድ ስለሆነ ማን እንደቀደመ አይታወቅም። 10 በመቶውና 15 በመቶውም እንዲሁ ምሰሷቸው 0 ነው፦ የ0 ብር ዕቃ ቅናሽም ታክስም የለውም። የ200 ብር ቅናሽ ግን ሁሉንም ቁጥር ስለሚያንቀሳቅስ ምሰሶ የለውም። እንዲህ ያሉ መደመርና መቀነስ ብቻ የሚያደርጉ ፈንክሽኖች እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ ከሚለጥጥ ጋር ግን በፍጹም አይገጥሙም።

ይህ ሐሳብ ከቀጥታ መስመርም አልፎ ይሠራል። ፈ አንድ ቋሚ ነጥብ ብቻ ይኑረው፤ «ቀ» እንበለው። ፈ እና ገ የሚገጥሙ ቢሆን ፈ(ገ(ቀ)) = ገ(ፈ(ቀ)) = ገ(ቀ) ይሆናል። ያ ማለት ገ(ቀ)ም ለፈ ቋሚ ነጥብ ነው፤ ፈ ግን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ገ(ቀ) = ቀ መሆን ግድ ይለዋል። ወደ ጥያቄሽ አምጪው፦ የፈ ብቸኛ ቋሚ ነጥብ −3 ነው፤ ገ(−3) = 9። 9 ደግሞ −3 አይደለም። ስለዚህ ምንም ሳይበተን፣ ምንም ሳይቃለል፣ ፈ እና ገ እንደማይገጥሙ ታወቀ። ፈተና ላይ «ይገጥማሉ ወይስ አይገጥሙም» ብቻ ከተጠየቅሽ ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። በተቃራኒው ግን አትጠቀሚበት፤ ከቀጥታ መስመር ውጪ ቋሚ ነጥብ መጋራት ብቻውን መግጠምን አያረጋግጥም።

አልጀብራው እሺ ብሎሽ ትርጉሙ እንቢ የሚልበት ጊዜም አለ፤ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ይጎዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በአማካይ በ1 ኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ 25 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ሀ ኪሎ ሜትር ከፍ ብንል ሙቀቱ ቅ(ሀ) = 25 − 6.5ሀ ነው። ሴንቲግሬድን ወደ ፋራናይት የሚቀይረው ደግሞ ፋ(ሀ) = 1.8ሀ + 32። ፋ∘ቅ = 77 − 11.7ሀ፤ በ0.6 ኪሎ ሜትር ከፍታ 69.98 ይሰጣል፣ ማለትም 70 ፋራናይት ገደማ፣ በሴንቲግሬድ 21.1። ለደሴ መንገድ የሚያሳምን ቁጥር ነው። ቅ∘ፋን ብትሠሪ −183 − 11.7ሀ ይወጣል። ቀመሩ ተሠራ፤ ግን ፋ የሚቀበለው ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ ኪሎ ሜትር አስገባሽበት፣ ከዚያ የወጣውን ፋራናይት ደግሞ እንደ ከፍታ ቆጠርሽው። ወረቀቱ ላይ የሚከለክልሽ የለም፤ የሚከለክለው መለኪያው ነው። ስለዚህ በተግባር ጥያቄ ከእያንዳንዱ ፈንክሽን ጎን የሚቀበለውንና የሚያወጣውን መለኪያ ጻፊ፤ ኪሎ ሜትር ይገባል፣ ሴንቲግሬድ ይወጣል፤ ሴንቲግሬድ ይገባል፣ ፋራናይት ይወጣል። እዚህም ስሎፑ −11.7 በሁለቱም አንድ መሆኑን፣ የተለያየው ቋሚው ቁጥር መሆኑን ልብ በዪ። የፋ ቋሚ ነጥብ −40 ነው፣ ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙበት ቁጥር፤ የቅ ደግሞ 3.33 አካባቢ።

ከመስመር ውጪ የሚገጥሙም አሉ። ሀ² እና ሀ³ በየትኛውም ተራ ሀ⁶ ይሰጣሉ፣ ፓወሮቹ ስለሚባዙ። አንድ ፈንክሽን ከራሱ ጋር ይገጥማል፤ ዶሜይናቸው አንድ ሲሆን ከኢንቨርሱም (ሥራውን ወደ ኋላ ከሚፈታው ፈንክሽን) ጋር ይገጥማል። ከሁሉ የሚያምረው ግን በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ቼቢሼቭ (1821–1894) ስም የሚጠሩት ፖሊኖሚያሎች ናቸው። 2ሀ² − 1ን እና 4ሀ³ − 3ሀን ውሰጂ፤ ሲታዩ ምንም የሚያገናኛቸው የለም። 2 አስገቢ፦ በመጀመሪያው 7 ይሆናል፣ 7 በሁለተኛው 1,351። አሁን ተራውን ለውጪ፦ 2 በሁለተኛው 26፣ 26 በመጀመሪያው 1,351። ምክንያቱ ትሪጎኖሜትሪ ነው። አንዱ የማዕዘንን ኮሳይን ወደ 2 እጥፉ ማዕዘን ኮሳይን ይወስዳል፣ ሌላው ወደ 3 እጥፉ፤ በ2 ቀድሞም በ3 ቀድሞም ማዕዘኑ 6 እጥፍ ይሆናል። ይህ ከ−1 እስከ 1 ባሉት ቁጥሮች ሁሉ ከሠራ፣ ፖሊኖሚያሎች በመሆናቸው በቁጥሮች ሁሉ ይሠራል። ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ግን መግጠም ሁልጊዜ ከጀርባው ምክንያት እንዳለው ያሳያል።

ኢንቨርስ ላይ ተራው ይገለበጣል፤ እዚህም ማርክ የሚጠፋበት ቦታ ነው። ከሐይቅ ከተማ ተነስተሽ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ከሄድሽ፣ ስትመለሺ መጀመሪያ የምትመልሺው የኮምቦልቻን መንገድ ነው። የፈ∘ገ ኢንቨርስም የገ ኢንቨርስ ከፈ ኢንቨርስ በኋላ ነው፤ መጨረሻ የተሠራው መጀመሪያ ይፈታል። 2ሀ + 3ን ለመፍታት 3 ቀንሰሽ ለ2 ታካፍያለሽ፦ (ሀ − 3)/2። ተራውን ሳትገለብጪ ለ2 አካፍለሽ 3 ብትቀንሺ ሀ/2 − 3 ይሆናል። 13ን አስገብተሽ ፈትሺ፦ የመጀመሪያው 5 ይመልስልሻል፣ ሁለተኛው 3.5።

ግራፍ ስታንቀሳቅሺም ያው ነገር ይገጥምሻል። የ√(2ሀ + 6)ን ግራፍ ከ√ሀ ለማግኘት 6 ወደ ግራ ገፍተሽ ወርዱን በግማሽ ማጥበብ ትችያለሽ፦ መነሻው ከ0 ወደ −6፣ ከዚያ ወደ −3 ይመጣል። መጀመሪያ አጥብበሽ ከሆነ ግን የምትገፊው 3 ብቻ ነው፣ 2ሀ + 6 = 2(ሀ + 3) ስለሆነ። አጥብቦ 6 መግፋት √(2ሀ + 12)ን ይሰጣል። የቱም ቢቀድም መነሻው 2ሀ + 6 = 0 የሚሆንበት −3 ላይ መዋሉን ማየት ይበቃል።

ሦስትና ከዚያ በላይ ፈንክሽን ሲሆን አንድ ነገር አትደባልቂ። ተራ መቀየር አይቻልም፤ ቅንፍ ማዘዋወር ግን ይቻላል። ሦስት ፈንክሽን በተሰጠሽ ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀድመሽ ብታጣምሪም፣ የመጀመሪያዎቹን ብታጣምሪም፣ ተራቸው እስካልተነካ ድረስ ውጤቱ አንድ ነው፤ ቡናው ተቆልቶ ከተወቀጠ በኋላ መፍላቱን በየትኛው በኩል ብትከፍዪው ያው ቡና ነው። በማትሪክስ ማባዛትም ይህንኑ ታገኚያለሽ፦ ቅንፉ ይዘዋወራል፣ ተራው አይነካም፤ ማትሪክስ ማባዛት ራሱ የሁለት ፈንክሽኖች ኮምፖዚሽን ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ፈ². በዚህ ላይ አጻጻፉ ወጥ አይደለም፣ ስለዚህ ጥያቄው ምን እንዳለ አንብቢ። ፈ∘ፈ ከሆነ 2(2ሀ + 3) + 3 = 4ሀ + 9 ነው። ውጤቱን ስኩዌር ማድረግ ከሆነ (2ሀ + 3)² ነው፣ በ5 ሲሞከር 29 እና 169። ለሳይንና ለኮሳይን ከላይ የሚጻፈው 2 በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሁልጊዜ ስኩዌር ነው፦ የ30 ዲግሪ ሳይን ስኩዌር 0.5 × 0.5 = 0.25። ከላይ −1 ሲጻፍ ግን ኢንቨርስ ነው፣ 1 ሲካፈል ለሳይን አይደለም። የፈ ኢንቨርስ በ5 ላይ (5 − 3)/2 = 1 ነው፤ 1 ሲካፈል ለፈ(5) ግን 1/13።